ቀኑን የምንመርጠው ፈተና



ከሥራ በኋላ ያለችውን አጭር ጊዜ ሠውታችሁ፣ ከአያትና ከሰሚት፣ ከገርጂና ከየካ አባዶ ድረስ ወደ ቦሌ መጥታችሁ ይህን አዳራሽ ስለሞላችሁት አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ዘንድሮ የተመረቃችሁ አላችሁ። ባንክ፣ አየር መንገድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ውስጥ ዓመታት ሠርታችሁ አሁን ሁለተኛ ዲግሪ ያሰባችሁም አላችሁ። ሁላችሁንም እዚህ ያገናኛችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መቼ ልጀምር? ከየትስ ልነሣ?

በአገራችን ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ ዲግሪ የያዘ ሰው ብዙ ትልልቅ ፈተናዎችን አልፏል። ሚኒስትሪ የምንለው የስምንተኛ ክፍል፣ ማትሪክ የምንለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከእነዚህ ውስጥ ተማሪው ራሱ ቀኑን የመረጠው አንድም ፈተና የለም። ቀኑ ይነገረናል፤ አንዳንዴ ይራዘማል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ይሰረዛል። የእኛ ድርሻ መጠበቅ ነው። መጠበቅን ደግሞ በደንብ ለምደነዋል። ማስታወቂያው እስኪወጣ እንጠብቃለን፤ ሲወጣ ሌሊቱን ከቀን አጋጥመን እንሸመድዳለን። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ልማድ ነው። ወደ ድኅረ ምረቃ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ፈተና ያጋጥማችኋል፦ ቀኑ የሚመረጥላችሁና ቀኑን እናንተ የምትመርጡት። ሁለቱ የሚፈልጉት ዝግጅት የተለያየ ነው። ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚሰናከሉት ሁለቱን በአንድ ልማድ ሊወጡ ሲሞክሩ ነው።

ቀኑ የሚመረጥላችሁ፣ ጋት የምንለው የአገራችን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ሲጀመር የድኅረ ምረቃ ትምህርት አልነበረውም። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ሰው በአብዛኛው ባሕር መሻገር ነበረበት። ዩኒቨርሲቲው ኋላ የራሱን የመግቢያ ፈተና አዘጋጅቶ ሲፈትን ቆየ። ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ግን ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ ፈተና አድርጎታል፤ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ለመግባት የሚያስብ ሰው ይፈተነዋል። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያው በቴሌብር ነው፤ ፈተናው በኮምፒዩተር ነው። የሚመዝነውም የምርቃት ትምህርታችሁን አይደለም። እንግሊዝኛ ንባብንና ቃላትን፣ ስሌትን፣ ነገርን የመተንተን ችሎታን ነው። ይህን ካለፋችሁ በኋላ እንደየትምህርት ክፍሉ ሌላ የጽሑፍ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊከተል ይችላል።

ቀኑን የምትመርጡት ደግሞ የውጭዎቹ ናቸው፦ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ጂአርኢ፣ ለቢዝነስ ትምህርት ጂማት፣ ለእንግሊዝኛ ቶፍልና አይኤልትስ። እነዚህ በዓመት ውስጥ ደጋግመው ይሰጣሉ። መዝጋቢው እናንተ፣ ከፋዩ እናንተ፣ ቀን ቆራጩም እናንተ ናችሁ። ነፃነቱ ደስ ይላል፤ ግን አደገኛ ነው። ማስታወቂያ የሚለጥፍ የለም፤ «ነገ ነው» ብሎ የሚያስደነግጣችሁ የለም። እንዲያው ስትጠብቁ የማመልከቻው ጊዜ ያልፋል።

ለዚህ የሚሆን ልማድ አገራችን ውስጥ የለም ብዬ ግን አላምንም። በአብነት ትምህርት ቤት ድጓ የዘለቀ ተማሪ ለማስመስከር ጋይንት፣ ቤተልሔም ይወጣል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክረው ዙር አባ ይሄዳል። ዓመት ሞላ ተብሎ፣ ክፍል አለቀ ተብሎ የሚደረግ ጉዞ አይደለም። ተማሪው ትምህርቱ መድረሱን ሲያውቅ፣ የኔታም መድረሱን ሲያዩለት ነው የሚነሣው። ስንቅ ይዞ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሳይደርስ አይነሣም፤ ከደረሰም በኋላ ያለምክንያት አይዘገይም። መድረስን ራስ ማወቅ፣ ቀንን ራስ መቁረጥ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያጣነው ነገር ነው። ጂአርኢ የሚጠይቀን በትክክል ይህንን ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። የመጀመሪያው ሥራ መጽሐፍ መግዛት አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ የትኛው ፈተና እንደሚያስፈልጋችሁ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው «ውጭ ለመማር ጂአርኢ ግድ ነው» ብሎ ይጀምራል። ግድ ያልሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በአሜሪካ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ጂአርኢን ትተውታል ወይም በፈቃድ አድርገውታል፤ በዚያው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዱ ክፍል ሲጠይቅ ሌላው «ብትልኩም አናይም» ይላል። በእንግሊዝ አብዛኛው የማስተርስ ትምህርት አይጠይቅም። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ የሚጠይቀው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ እንጂ ጂአርኢ አይደለም። የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስና የጀርመኑ ዳአድም በአብዛኛው እንደዚያው ናቸው። እንግሊዝኛውንም ቢሆን፣ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከሬጅስትራር በሚጻፍ ደብዳቤ ብቻ የሚቀበሉ ተቋማት አሉ። ስለዚህ ስድስት ወይም ሰባት ትምህርት ክፍሎች ምረጡ፤ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ራሳችሁ አንብቡ፤ ምን እንደሚጠይቅ፣ የማመልከቻው ማብቂያ መቼ እንደሆነ በአንድ ወረቀት ጻፉ። ጓደኛ ነገረኝ፣ ቴሌግራም ላይ አየሁ አይበቃም። ይህች የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ወራት ከሚፈጅ ከንቱ ድካም ልታድናችሁ ትችላለች።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። የጂአርኢ ክፍያ 220 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ፈተናው 12,500 ብር አካባቢ ይመጣ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ዶላሩን በ150 ብር ብታስቡት 33,000 ብር ነው። ይህ ከአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ በላይ ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍልለታል፤ ዘመድም ሁልጊዜ አይመቸውም። እንዲህ ባለ ዋጋ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ መፈተን አይገባም። ሙከራ የሚደረገው በነፃው ነው። የፈተናው ባለቤት የሆነው ኢቲኤስ ከእውነተኛው ጋር አንድ የሆኑ ሁለት የሙከራ ፈተናዎችን በነፃ ይሰጣል። አንዱን በመጀመሪያው ሳምንት ውሰዱ፤ የት እንዳላችሁ ታውቃላችሁ። ሁለተኛውን ለመጨረሻው ወር አስቀምጡት። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አትጨርሱ፤ ሌላ እንደነሱ ያለ በነፃ አታገኙም።

ጂአርኢ እ.ኤ.አ. በ1936 በሃርቫርድ፣ በየል፣ በፕሪንስተንና በኮሎምቢያ ተማሪዎች ላይ በሙከራ የተጀመረ ፈተና ነው። ለረጅም ጊዜ ወደ አራት ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል። አንድ ድርሰት በ30 ደቂቃ ይጻፋል። 27 የንባብና የቃላት ጥያቄ በ41 ደቂቃ፣ 27 የሒሳብ ጥያቄ በ47 ደቂቃ ይሠራል። ስታካፍሉት ለአንድ የንባብ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ለሒሳቡ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ አላችሁ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ የሚመጣው ክፍል እንደ ውጤታችሁ ይከብዳል ወይም ይቀላል፤ መጀመሪያ ላይ መረጋጋት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ውጤቱ አምስት ዓመት ያገለግላል። ከተፈተናችሁበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን ሳይሞላ መድገም አይቻልም፤ በ12 ወር ውስጥም ከአምስት ጊዜ በላይ አይሆንም። የቶፍልና የአይኤልትስ ውጤት ግን የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ለሚያስፈልጋችሁ፦ ጂአርኢውን አስቀድሙ፣ እንግሊዝኛውን ወደ ማመልከቻው አስጠጉ።

ቀን አቆጣጠሩን በእኛ ዘመን መቁጠሪያ እንሥራው። የብዙ የአሜሪካ ትምህርት ክፍሎች ማብቂያ ዲሴምበር 1 ነው፤ ዘንድሮ ብንቆጥረው ኅዳር 22 ይውላል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ። ውጤት ከስምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ፈተና ከኅዳር መጀመሪያ ማለፍ የለበትም። የመጨረሻው ያልኩት ሁለተኛው እንዲሆን ነው፤ የመጀመሪያው ከዚያ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቀድማል። መስቀል ካለፈ በኋላ ያለው የመስከረም ማብቂያ ለመጀመሪያው ፈተና ይመቻል። ከዚያ ወደ ኋላ ሦስት ወይም አራት ወር ለጥናት ቁጠሩ፤ ሰኔ ላይ ትደርሳላችሁ። ክረምቱ የጥናት ወቅት ነው ማለት ነው። የመውጫ ፈተና ሰኔ ላይ ያለባችሁ ተመራቂዎች ሐምሌ ላይ ብትጀምሩ አይረፍድም፤ ከአእምሮ ያልወጣ የጥናት ልማድ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ሠራተኞች ግን ግንቦት ላይ ጀምሩ፤ ሥራ ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ሰዓት ይወስዳል። ፈተናውን እስከ ጥቅምት አዘግይቶ፣ አንዴ ብቻ ለመፈተን ማሰብ የምናየው ትልቁ ጥፋት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ልዩነቱ፣ የፈሰሰውን ለመልቀም አንድ ሙሉ ዓመት መጠበቁ ነው።

የሰዓት ነገርም አይረሳ። የአሜሪካን ምሥራቅ ጠረፍ ሰዓት የሚከተል ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻውን ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀር ቢዘጋ፣ በክረምታቸው ወቅት እኛ ዘንድ በማግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት ከ59 ነው። ያንን ሌሊት መብራት ሊሄድ ይችላል፤ ኢንተርኔቱም ሊዘገይ ይችላል። ሳምንት ቀድሞ መላክ ነው መፍትሔው። የፈተና ቀጠሮ ላይ 8 ተብሎ የተጻፈው ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ግን ቀጠሮውን ለሚያደርሳችሁ ሰው ንገሩት።

ከሁሉ የከፋ ጣጣ ያለው ግን ስማችን ላይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የፈተና ጣቢያው ፓስፖርታችሁን ከምዝገባችሁ ጋር ያስተያያል፤ ፊደል ከፊደል ካልገጠመ በር ላይ ይመልሳችኋል፤ ገንዘባችሁንም አይመልስም። እኛ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ቅጽ ላይ የአባት ስም በመጨረሻ ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ጽዮን በአንድ ሰነድ በቲና በኤስ ይጀምራል፣ በሌላው በኤስ ብቻ። ተስፋዬ አንድ ቦታ በኢ ያበቃል፣ ሌላ ቦታ በዋይ። የዲግሪያችሁ አጻጻፍ አንድ፣ የፓስፖርታችሁ ሌላ፣ የጂአርኢ ምዝገባችሁ ሦስተኛ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ሦስት ሰው ያያል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ፓስፖርት ላይ እንዳለ፣ ሁሉም ቦታ። ፓስፖርት የሌላችሁ ዛሬ ጀምሩ፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ዲግሪያችሁ ላይ የተሳሳተ ካለ ሬጅስትራር ለማስተካከል አሁን ሂዱ፤ በጥድፊያ ወቅት ሬጅስትራር ቤት የሚደመጥ ሰው የለም።

ትራንስክሪፕቱም እንደዚሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተማራችሁ፣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የወጪ መጋራት አለባችሁ፤ ሁላችንም ኮስት ሼሪንግ የምንለው። ዕዳው ሳይጸዳ ወይም በግልጽ ሳይያዝ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይገኝም። ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ክፍያውን በዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት። የምስክር ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ መምህራን ዘንድም አንድ ወር አስቀድማችሁ ሂዱ። ብዙዎቹ ተቋማት ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ኢሜይል እንዲመጣ ይመርጣሉ፤ መምህሩ በግል ኢሜይላቸው የሚሠሩ ከሆነ ቀድማችሁ በትሕትና አስታውሷቸው። እነዚህ ነገሮች ከፈተና ጥናት የራቁ ይመስላሉ። ግን በጂአርኢ 165 ያህል ከፍተኛ ውጤት አምጥቶ በትራንስክሪፕት መዘግየት የቀረ ልጅ ውጤቱን ምን ያደርግበታል?

ወደ ጥናቱ እንምጣ፤ ሁለቱም ዓይነት ፈተናዎች የሚገናኙበት ቦታ እዚህ ነው። ሁለቱም ከምንም በላይ የሚመዝኑት ንባብን ነው። ቃላት መሸምደድ ይረዳል፤ ግን የእኛ ዋና ችግር ቃላት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሀንድአውትና በሞጁል ነው የተማርነው፤ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ጸሐፊው ምን እንደሚል፣ የት ላይ እንደሚጠራጠር፣ ምን ላይ እንደሚሸሽ መለየት አልተለማመድንም። ፈተናው ስለማታውቁት ጉዳይ፣ ስለ ባሕር እንስሳት ወይም ስለ አሮጌ ሥዕሎች፣ አንድ ጠጣር አንቀጽ ይሰጣችኋል፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል አላችሁ። ይህ በአንድ ወር አይገነባም። በየቀኑ ለአንድ ሰዓት እንግሊዝኛ ጽሑፍ በማንበብ ብቻ ነው የሚገነባው። ኢትዮጵያን ሄራልድ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ እየታተመ ነው፤ ሪፖርተርና ፎርቹን በእንግሊዝኛ ርእሰ አንቀጽ አላቸው። አንዱን ርእሰ አንቀጽ አንብቡ፤ ወረቀቱን ዝጉ፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ምን እንዳለ ጻፉ። ይህን ለሦስት ወር ያደረገ ሰው ጋትም ቢመጣ፣ ጂአርኢም ቢመጣ፣ የመውጫ ፈተናም ቢመጣ አይደነግጥም።

ሒሳቡ ላይ ፍርሃታችሁ ከእውነቱ ይበልጣል። በጂአርኢ ካልኩለስ የለም፤ ትሪጎኖሜትሪ የለም። ክፍልፋይ፣ ምጥጥን፣ መቶኛ፣ ቀላል እኩልታ፣ የሦስት ማዕዘንና የክብ ስፋት፣ አማካይ፣ ዕድል ነው ያለው። ይህ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ያለው የሒሳብ መጽሐፍ ነው። ሕግ ወይም ሶሲዮሎጂ የተማራችሁ፣ እነዚያን መጻሕፍት አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሥሩ፤ አታፍሩበት። ኢንጂነሪንግ የተማራችሁ ደግሞ ሒሳብ እናውቃለን ብላችሁ አትተማመኑ። መሐንዲሶች የሚሳሳቱት ባለማወቅ አይደለም፤ በአሥር መስመር የሚፈታ ነገር ለምደው በአንድ እይታ የሚፈታውን ስለሚያከብዱት ነው። ሁላችሁም አንድ የስሕተት ደብተር ያዙ። የሳታችሁትን ጥያቄ ሁሉ ጻፉ፤ ለምን እንደሳታችሁት በአንድ መስመር ጻፉበት፦ አላውቀውም፣ ቸኮልኩ፣ ጥያቄውን አላነበብኩትም። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ስትገልጡ አንዱ ምክንያት በዝቶ ታገኙታላችሁ። የሚጠናው እሱ ነው።

ሰዓቱንስ ከየት እናምጣው? ከአያት ወይም ከየካ አባዶ ተነሥቶ መገናኛ ላይ ተሰልፎ፣ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ደርሶ የሚሠራ ሰው በቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያልቅበታል። ታክሲ ውስጥ ሒሳብ አይሠራም፤ ቃላትና ንባብ ግን ይሆናል፤ በስልካችሁ ላይ ጽሑፉን ማታ አውርዱት። ለስሌቱ ከሥራ በፊት፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ አንድ ሰዓት ተኩል መሥራት ከማታው ሦስት ሰዓት ይሻላል። ማታ ደክሟችሁ የምትሠሩት ጥናት ለኅሊና ዕረፍት ነው እንጂ ለውጤት አይጠቅምም። ቅዳሜ ወይም እሑድ ሙሉ ፈተና በሰዓት ገደብ ሥሩ። እዚህ ላይ ለባሎችና ለአባቶች አንድ ቃል አለኝ። ልጆች ያሏት እናት ከሥራ ተመልሳ፣ እራት አቅርባ፣ ልጆች አስተኝታ ነው ለማጥናት የምትቀመጠው። በሳምንት አንድ ሙሉ ግማሽ ቀን ልጆቹን ይዛችሁ ውጡላት። ያለዚያ ዕቅዱ የወረቀት ዕቅድ ነው።

ስለ ቤት ውስጥ ፈተናም ልበል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጂአርኢንም ቶፍልንም በቤታችሁ ኮምፒዩተር መፈተን ይቻላል። በካሜራ ይከታተሏችኋል፤ በሩ ይዘጋል፤ ማንም መግባት የለበትም፤ ወረቀት አይፈቀድም፤ የምትጽፉት በነጭ ሰሌዳ ነው። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ለሚኖር ሰው፣ መብራቱም ድንገት ለሚሄድበት ሰው አልመክረውም። ጣቢያ ሄዳችሁ ተፈተኑ። ወንበር እንዲገኝ ቀኑን ቀድማችሁ ያዙ።

ጋት ግን ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል ብያችሁ ነበር። ቀኑን አታውቁትም፤ የምዝገባው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ለእሱ መዘጋጀት ማለት በማንኛውም ቀን ዝግጁ ሆኖ መገኘት ነው። የዲግሪና የትራንስክሪፕት ኮፒ፣ መታወቂያ፣ ፎቶ ስልካችሁ ላይ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ማስታወቂያውን ከትምህርት ሚኒስቴር ይፋዊ ገጽ ተከታተሉ። ንባቡና ስሌቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሂድ። ማስታወቂያው ሲወጣ የሚጨመረው በሰዓት ገደብ መለማመድ ብቻ መሆን አለበት። እውነቱን ለመናገር፣ ትምህርት ሚኒስቴር የዓመቱን የፈተና ቀናት መስከረም ላይ አስቀድሞ ቢያሳውቅ ለአገሪቱ ትልቅ ውለታ ነው። ሠራተኛ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ገጠር ያለ መምህር መንገድ አለበት፤ ነፍሰ ጡር ተፈታኝ የራሷ ቀን አላት።

በቁጥር የምናውቃቸው ውጤቶች የዝግጅትን ዋጋ ያሳያሉ። የማትሪክ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4 በመቶ። የመጀመሪያውን የመውጫ ፈተና ከወሰዱት 150 ሺህ ያህል ተመራቂዎች ያለፉት 40.65 በመቶ ናቸው፤ ከመንግሥት ተቋማት 62.37፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶ። በዚህ በከተማችን ምሥራቅ የግል ኮሌጆች ብዙ ናቸው፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ከእነሱ ወጥታችኋል። ይህን የምጠቅሰው አንገት ለማስደፋት አይደለም። መሠረቱ የጎደለው እናንተ ሳትጠየቁ ነው፤ የመሙላቱ ዕድል ግን አሁን በእጃችሁ ነው፤ የሚሞላውም በጊዜ ነው።

በጊዜ ፋንታ ሌላ ነገር የሚሸጥላችሁ አለ። በቦሌ፣ በሃያ ሁለትና በመገናኛ ሕንፃዎች ላይ «ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ታያላችሁ። ቅጽ መሙላት የሚያግዝ ሐቀኛ ሰው አለ፤ ውጤት ወይም ቅበላ የሚሰጥ ግን የለም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ፈተናው ወጥቷል» እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ አለ። በግንቦት 2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ሲሰረዝ የተጎዳው ሌባው ብቻ አልነበረም፤ ያጠናውም ተማሪ እንደገና ተፈተነ። በ2002 እ.ኤ.አ. ኢቲኤስ በቻይና፣ በታይዋንና በደቡብ ኮሪያ የጂአርኢ ጥያቄዎች ድረ ገጽ ላይ እየተለቀቁ መሆናቸውን ሲያውቅ በእነዚያ አገሮች የኮምፒዩተሩን ፈተና አቋርጦ ወደ ወረቀት መለሰው፤ ሐቀኛውም ተፈታኝ ቀን የመምረጥ ዕድሉን አጣ። በአንድ አገር ተፈታኞች ላይ ጥርጣሬ ከወደቀ የሚከፍለው ሁሉም ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ አመልካች በእኛ ስም ይመዘናል፤ ይህን አደራ አትርሱ።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትደርሱ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ ከዲግሪያችሁ ጋር ስማችሁን አስተያዩ። የምትፈልጉትን አንድ ትምህርት ክፍል ድረ ገጽ ከፍታችሁ ምን ፈተና እንደሚጠይቅ አንብቡ። ከዚያ ግድግዳችሁ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ የምትፈተኑበትን ቀን ራሳችሁ ክበቡ፤ ጥናቱን ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ጀምሩ።